በሕክምናው መሀል የሚቀመጠው ማን ነው?

የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ በ1987 ሆዳቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) ቤተ መንግሥቱ ለሕዝብ ያሳወቀው ሥር የሰደደ የቆሽት ሕመም ነው ብሎ ነበር። ሐኪሞቹ ያገኙት ግን ካንሰር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጃንዋሪ 1989፣ በ87 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ካንሰር እንዳለባቸው አልተነገራቸውም፤ የበሽታው ስም በይፋ የተጠራው ከሞቱ በኋላ ነው። ለንጉሥ ክብር ሲባል የተደረገ ልዩ ጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ አንድ ተራ ገበሬም ካንሰር ቢይዘው በአብዛኛው የሚደረገው ይኸው ነበር፦ ሐኪሙ ለሚስቱ ወይም ለትልቅ ልጁ ይነግራል፤ ለራሱ ለታማሚው ግን የጨጓራ ቁስለት ነው ይባላል።

የአኪራ ኩሮሳዋን "ኢኪሩ" የተባለ የ1952 ፊልም ያየ ሰው ይህን ያስታውሰዋል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሐኪም ቤት ተራውን ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ታካሚ ወሬ ይጀምርለታል። ሐኪሙ ቀላል ቁስለት ነው፣ ቀዶ ሕክምናም አያስፈልግም፣ ደስ ያለህን ብላ ካለህ ነገሩ አብቅቷል እያለ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። ሰውየው ተራው ደርሶ ሲገባ ከሐኪሙ የሚሰማው ያንኑ ነው። ምስጢር ተብዬው ምስጢር እንዳልነበረ፣ ሁሉም እያወቀ ሁሉም እንደማያውቅ ይሆን እንደነበር ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ ነገር የለም።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። "ታካሚን ማዕከል ያደረገ ሕክምና" የሚለውን ሐረግ በሥልጠና ወይም በዜና ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ብዙ ሰው ፈገግታና ትሕትና ማለት ይመስለዋል። ትሕትናማ የትም ያስፈልጋል። ከአገር አገር የሚለያየው ሌላ ነው፦ መሀል ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ታማሚው ብቻውን? ታማሚው ከነቤተሰቡ? ወይስ መንደሩ በሙሉ? እውነቱን ቀድሞ የሚሰማውስ ማን ነው? በመጨረሻ እሺ ወይም እምቢ የሚለውስ?

"ታዲያ ባህል ነዋ! ፈረንጅ ፊት ለፊት ይናገራል፣ እስያና አፍሪካ ይሸፍናል" የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአንድ የቺካጎ ሆስፒታል የሚሠሩ 219 ባልደረቦቹን ለታማሚ ካንሰር እንዳለበት ትነግራላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። 90 በመቶ ያህሉ አለመንገርን ነው የመረጡት። ቺካጎ ነው የምላችሁ፣ ኪዮቶ አይደለም። በ1979 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መጠይቅ በኒው ዮርኳ ሮቸስተር ሲደግሙት 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ! ተወልዶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ባህልን ገልብጦ ለመጻፍም በቅቷል።

መሀል ላይ ምን መጣ? አንደኛ ካንሰር የሚታከም በሽታ እየሆነ ሄደ። ለወራት ጠንካራ መድኃኒት እየወሰደ ፀጉሩ የሚረግፍን ሰው ቁስለት ነው ብሎ ማታለል አይቻልም። ሁለተኛ ፍርድ ቤቶች ሳያስረዳ የሚያክምን ሐኪም መጠየቅ ጀመሩ። ሦስተኛ፣ በእኔ ግምት ትልቁ፣ የጥቁሮች የመብት ትግል፣ የሴቶች ንቅናቄና የሸማቾች ጥያቄ ተደራርበው "ስለ እኔ ያለእኔ የሚወስነው ማን ስለሆነ ነው?" የሚል ትውልድ ፈጠሩ። በ1973 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማኅበር የታካሚ መብቶችን ዝርዝር አወጣ። ጃፓንም ብትሆን በቆመችበት አልቀረችም፤ በ2006 የካንሰር ሕግ አውጥታለች፣ ዛሬ ለታማሚው ራሱ መንገር የተለመደው አሠራር ሆኗል።

አሁን ደግሞ ወደ ሎስ አንጀለስ እንሻገር። በ1995 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ 800 ሰዎችን ጠየቀ፤ ከአራት ማኅበረሰብ ሁለት ሁለት መቶ። ሰውነቱን ያዳረሰ ካንሰር ያለበት ሰው ሊነገረው ይገባል ወይ? ከነጮቹ 87 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 88 በመቶ አዎ አሉ፤ ከሜክሲኮ ተወላጆች 65 በመቶ፣ ከኮሪያ ተወላጆች 47 በመቶ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው "ኮሪያውያን እንዲነገራቸው አይፈልጉም" ለማለት ነው። እስቲ ደግማችሁ እዩት። ከመቶ 47! አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ፊቱ የተቀመጠችበት ሐኪም "በባህላቸው አይነገርም" ብሎ ዝም ቢል ግማሽ በግማሽ ያህል ይሳሳታል። ሳንቲም ወርውሮ ቢወስንም ያው ነበር። ስለ ማኅበረሰቡ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋን መጠየቅ ግን አይተካም።

የእኛም ሰው ከዚህ ወሬ ውስጥ አለ። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውብዳር በየነ በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችና ክፉ ዜና ጽፋ ነበር። የካሊፎርኒያ ሐኪሞች በሕግም በሥነ ምግባርም እንደተማሩት ምርመራው እንዳለቀ ለታማሚው ፊት ለፊት ይነግሩታል። ኢትዮጵያዊው ግን እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ተነግሮ፣ እነሱ ጊዜውን መርጠው እንዲያደርሱለት ነው የሚጠብቀው፤ በምሽትማ በፍጹም።

ለምን በምሽት እንደማይሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሳይነቃ በማለዳ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ የሚይዝና የሚያለቅስ ሰው ቤቱን ሞልቶ። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ላለች ልጅ የእናቷን ሞት ድንገት በስልክ የሚነግር ቤተሰብ ስንት አለ? መጀመሪያ የጓደኞቿ ስልክ ይፈለጋል፣ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ይጠየቃል፣ ከዚያ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። እውነቱ ይነገራል። ጥንቃቄው የሚነገርበት ሰዓትና አብሮ የሚሆነው ሰው ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም በበኩሉ ስለ ሰዓቱም ስለ ሰዉም ሳያስብ፣ ልጅቷን ብቻዋን አስቀምጦ በአሥር ደቂቃ ውስጥ "መብቷን ያከብርላታል"። ሁለቱም ታካሚን ማዕከል አድርገናል ባዮች ናቸው።

ግን የእኛን አሠራር ነጭ በነጭ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። የትኛውም የአዲስ አበባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የምታዩት ነገር አለ፦ ሐኪሙ ከታማሚዋ ክፍል ሲወጣ ታላቅ ወንድም በሩ ላይ ይጠብቀዋል። "ዶክተር፣ እባክዎ ለእሷ እንዳይነግሯት፣ ትሰበርብናለች።" ሐኪሙ እሺ ይላል። ከዚያ መሬቱ ይሸጥ አይሸጥ፣ ሕክምናው ይቀጥል አይቀጥል፣ ልጆቹ ማን ዘንድ ይሁኑ የሚለው ሁሉ እሷ በሌለችበት ያልቃል። መርዶ ነጋሪዎቹ በማለዳ መምጣታቸው ክቡር ነገር ነው፤ እዚህ ግን የሚመጡበት ማለዳ ጭራሽ የለም።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣ አንድ መንገድ ከሂውስተን መጥቷል። በ2000 ዋልተር ቤይል፣ ሮበርት በክማንና ባልደረቦቻቸው ሐኪሞች ክፉ ዜና የሚናገሩባቸውን ስድስት ደረጃዎች አሳተሙ፤ ዛሬ በብዙ አገር ለሐኪሞች የሚሰጥ ትምህርት ነው። እኔን የሚማርከኝ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት፣ እንዲያውም ቢቻል ምርመራውን ሲያዝ፣ ታማሚውን ይጠይቃል፦ "ውጤቱ ሲመጣ ዝርዝሩን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ? ወይስ የሚነገረው ሌላ ሰው አለ?" በቃ፣ ይኼው ነው። ለልጄ ንገሩልኝ ካሉ መብታቸውን ራሳቸው ለልጃቸው ሰጡ። ሁሉንም ንገረኝ ካሉም በሩ ላይ የቆመው ወንድም ምንም ማድረግ አይችልም።

"ታካሚን ማዕከል ያደረገ ሕክምና" የሚለው ሐረግ ራሱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኢኒድ ባሊንት በ1969 ተጠቅማበታለች፤ ሐኪሙ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እንዲያይ ለማለት ነበር። ወደ ሆስፒታል አሠራር የለወጠው ግን አሜሪካዊው ሃርቪ ፒከር ነው። የቤተሰቡ ኩባንያ የራጅ መሣሪያ አምራች ነበር፤ ማለትም ሰውን በመሣሪያ ከማየት ነው የከበሩት። ሚስቱ ጂን ለረጅም ጊዜ ስትታመም መሣሪያው ድንቅ ሆኖ ሳለ እሷን የሚያዳምጥ ጠፋ። በ1986 ባቋቋሙት ተቋም የተሠሩት ጥናቶች ታካሚን "ረክተዋል ወይ?" ብለው አይጠይቁም ነበር። (እግዚአብሔር ይመስገን የማይል ማን አለ?) የሚጠይቁት የሆነውን ነው፦ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ነገሩዎት? ሕመም ሲሰማዎት ቶሎ መጡ? ስንወጣ ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁ መልስ አገኙ? በ2001 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ጥሩ ሕክምና ሊያሟላቸው ከሚገቡ ስድስት ነገሮች አንዱ አድርጎ ሲያስገባው ሐረጉ ዓለምን ዞረ።

ብሪታንያ ውስጥ ነገሩን ያሳረገው ፍርድ ቤት ነው። ናዲን ሞንትጎመሪ ስኮትላንድ ውስጥ በ1999 ስታረግዝ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ ቁመቷም አጭር ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ልጅ ሊገዝፍ ይችላል፤ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። ለእሷ ዓይነት እናት ይህ የሚደርስበት ዕድል ከ9 እስከ 10 በመቶ ነበር። ሐኪሟ ታውቃለች፤ አልነገረቻትም። ምክንያቷ ክፋት አልነበረም፤ ይህን ከነገርናቸው ሁሉም በኦፕራሲዮን እንውለድ ይላሉ ብላ ነው። ትከሻው ተያዘ፣ 12 ደቂቃ ፈጀ፣ ልጁ በአየር እጥረት አንጎሉ ተጎዳ። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በማርች 2015 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ዳኞች ለእናትየዋ ፈረዱ፤ ካሳው 5.25 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ሌሎች ጥሩ ሐኪሞች ቢሆኑ ይነግሯት ነበር ወይ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እሷ ባለችበት ሁኔታ ያለ ሰው ይህን ማወቅ ይፈልግ ነበር ወይ የሚል ሆነ። መለኪያው ከሐኪሙ ወንበር ተነሥቶ ወደ ታካሚዋ ወንበር ዞረ ማለት ነው። እዚህ መሀል ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ ባልም ወንድምም የለበትም።

የስዊድኖቹ ጭንቀት ደግሞ ሌላ። በዮንሾፒንግ አውራጃ በ1990ዎቹ መጨረሻ "አስቴር" ብለው የሰየሟት አንዲት አረጋዊት ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል እስክትተኛ 36 ባለሙያዎችን አገኘች፤ ታሪኳን ደጋግማ ለእያንዳንዱ ተናገረች። ማንም አላመናጨቃትም። ችግሩ ቅብብሎሹ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ስብሰባ ሲደረግ "ለአስቴር የሚበጃት የቱ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ካርዱ ካርድ ክፍል ጠፍቶ አዲስ ካርድ ይዞ የዞረ ሰው አስቴርን በደንብ ይረዳታል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን አላስካ ነው። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ሕክምና ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት እጅ ነበር። ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ድንገተኛ ክፍል ይሰለፋል። በ1975 የወጣ ሕግ ነባር ሕዝቦች አገልግሎቱን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳውዝሴንትራል ፋውንዴሽን የተባለው የራሳቸው ድርጅት የአንኮሬጅ ከተማን የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ተረከበ። ለብዙ ዓመታት የመራችው ካትሪን ጎትሊብ እዚያው በእንግዳ ተቀባይነት የጀመረች ሴት ናት። ሕዝቡን ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁና ቤቱን እንደ አዲስ ሠሩት። ታካሚ የሚባል የለም፤ ሰውየው ደንበኛም ባለቤትም ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሐኪም፣ ነርስና ረዳቶች ያሉት ቡድን አለው፤ በደወለበት ቀን ይታያል። ሐኪሞቹ የየግል ቢሮ የላቸውም፣ ከቡድናቸው ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። የመመርመሪያ አልጋ የሌለባቸው የመጨዋወቻ ክፍሎችም አሉ፤ ሰው ልብሱን አውልቆ አልጋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ሕይወቱ አያወራማ። ድንገተኛ ክፍል የሚሄደው ሰው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አሜሪካ ለተቋማት ብቃት የምትሰጠውን የባልድሪጅ ሽልማትም በ2011 እና በ2017 ወስደዋል። እዚህ መሀል ላይ ያለው አንድ ሰውም አንድ ቤተሰብም አይደለም፤ የሆስፒታሉ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ነው።

ባለቤትነቱ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከእስራኤል እንይ። በጃንዋሪ 1996 አንድ ጋዜጣ ያወጣው ዜና፣ ቤተ እስራኤላውያን ሲለግሱት የቆዩትን ደም የደም ባንኩ ኤችአይቪን በመፍራት በድብቅ ሲደፋው እንደነበር አጋለጠ። በምስጋና ይቀበላል፣ ከኋላ ይደፋል። ኢየሩሳሌም ላይ የወጣውን ቁጣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1998 የጤና ሚኒስቴሩና ክላሊት የተባለው የጤና ድርጅት "ረፉአ ሽሌማ" የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ፤ ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞች ክሊኒክ ውስጥ ተመደቡ። አስተርጓሚ ብቻ አይደሉም። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ "እሺ" ብለው ይወጣሉ፤ ሐኪሙ የተስማሙ ይመስለዋል፣ እሳቸው ግን ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ መድኃኒቱን ሊወስዱ አላሰቡም። ያን ለሐኪሙ የሚነግረው ማን ነው? ከዚያ በፊት የሚያስተረጉመው ከትምህርት ቤት የቀረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እናት ስለ ማሕፀኗ ሕመም በልጇ አፍ እንዴት ትናገር?

እኛ አገርስ? ከ2015 ጀምሮ በነበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" የሚለው ሐረግ የየጤና ተቋሙ መፈክር ሆነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ነገሩን የባለሙያው ጠባይ ያደርገዋል። እኔ ይበልጥ የገባኝ ከመፈክሩ ይልቅ ገንፎው ነው።

በ2011 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ሴቶቹን ለምን ሲሏቸው መንገድና ገንዘብ ይሉና ከዚያ የሚከተለው ይመጣል። ቤት ውስጥ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ እናቷ ከኋላ ደግፋት፣ ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ፣ እሳቱ እየነደደ ነው የምታምጠው፤ እንደተገላገለች ገንፎው ይመጣል፣ ቡናው ይፈላል። ጤና ጣቢያ ደግሞ ቀዝቃዛ አልጋ፣ በጀርባ መተኛት፣ ማንም አይገባም የሚል በር። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህን ሲሰሙ የገንፎ እህሉን ከማኅበረሰቡ አሰባስበው እዚያው ማገንፋት ጀመሩ፤ ቡና ይፈላል፣ አዋላጇም "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትላለች። ሩቅ ላሉት ደግሞ የእናቶች ማቆያ ተስፋፋ፤ ቀኗ የደረሰች እናት ቀድማ መጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ትቆያለች። ይህ አዲስ አይደለም፤ ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 ነው የጀመረው። ጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ቁጥር በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። ገንፎው ብቻ አመጣው እንዳልል አምቡላንሱ፣ መንገዱና ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይታዘቡኛል። ግን አምቡላንስ የሚያመጣት መጀመሪያ ለመምጣት የፈቀደችን እናት ነው።

የቀረው በሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እያንዳንዷ እናት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። የእኛ አዋላጆች ሐሳቡን አይጠሉም፤ ችግራቸው ሌላ ነው። ሁለት ሦስት የማዋለጃ አልጋ ጎን ለጎን በተደረደረበት ክፍል የአንዷ ባል ሲገባ ሌላዋ ራቁቷን ናት። እናት ወይም እህት ብቻ ትግባ የሚሉ አሉ፣ በፈረቃ የሚያስገቡ አሉ፣ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። በአልጋዎቹ መሀል መጋረጃ የሰቀለ ጤና ጣቢያ ግን ክርክሩን ከናካቴው ያስቀረዋል፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ጨርቅና ሽቦ ነው።